ጉም የማይበላው ድምፅ

— ሄሎ? … ሄሎ፣ ማን ልበል? … ሂሌቪ! አንቺ ልጅ፣ አለሽ? … ቆይ፣ ቆይ… ዩዲት! ዩዲት፣ ሂሌቪ ናት! ሬዲዮውን ይዘሽ ነይ፣ ቶሎ በይ! … አለሁ፣ የኔ ልጅ፣ አለሁ። ራግንቪ ነኝ። አታልቅሺ፣ እያለቀስሽ የምትናገሪው አይሰማኝም። የት ነሽ?

— አታውቂም። … እሺ፣ ግድ የለም። ምን ይታይሻል? … ጉም። እሱማ እኛም ጋ ከመስኮቱ ማዶ ያለውን የማገዶ ክምር ሳይቀር ውጦታል። ከእግርሽ ሥር ምን አለ?

— ድንጋይ ላይ ስትወጪ ነው ስልኩ የሠራልሽ? ጎሽ። እንግዲያው ከዚያ ድንጋይ እንዳትወርጂ። ሰማሽኝ? ማንም ቢጠራሽ፣ ምንም ቢመጣ፣ እንዳትወርጂ። … ቁርጭምጭሚትሽ ምን ሆነ? … ይበጥ። ያበጠ እግር ሰው አይገድልም። ጫማሽን ብቻ እንዳታወልቂ፣ ካወለቅሽው ተመልሶ አይገባልሽም።

— አዎ፣ የአደጋ ሠራተኞቹ ደውለውልናል። እያናገርሻቸው ስልኩ እንደተቋረጠ ነግረውናል። … ሄሊኮፕተሩ? … በዚህ ጉም አይነሳም፣ ልጄ። ምን ብዬ ልዋሽሽ? ግን ሰው ወጥቷል። ኡርባን፣ ያ ደን ቆራጩ ጎረቤታችን… አዎ፣ ባለ ቀይ ጺሙ… ሁለት ወንዶች ይዞ በምዕራብ በኩል እየመጣ ነው። ሬዲዮ አለው፣ ዩዲት ከዚህ ታነጋግረዋለች።

— ቶርስተንም ወጥቷል። … ባሌን እኔ አላውቀውም? በዚያ ጉልበቱ! እኔ ሰደብኩት፣ እህቱ ዩዲት ለመነችው፣ ማን ይስማን? «ላሞቹ የኔ፣ እንግዳዋም የኔ» ብሎ በምሥራቁ መንገድ ብቻውን ሄደ። ሬዲዮ እንኳን የለውም። … ላሞቹ? ላሞቹማ አንቺ ልትፈልጊያቸው በወጣሽ በትንሽ ጊዜ ውስጥ በገዛ እግራቸው መጡ። ይኸው በረት ውስጥ ቆመው ያመሰኳሉ። … ሳቂ፣ ሳቂ። መሳቅሽ ጥሩ ነው። ያሞቃል።

— ድምፅሽን ግን ምን ነካው? እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ ሆኗል። … ስትጮኺ ዋልሽ። እንዴት አድርገሽ ነው የጮኽሽው? … «እርዱኝ» እያልሽ፣ ባለ በሌለ ጉልበትሽ። ይኸውልሽ፣ ያ የደረት ድምፅ ነው። ጓሮ ያለን ሰው ምሳ ደረሰ ለማለት ነው የሚጠቅመው። ጉም እንደ ሱፍ ይጠጣዋል፤ የተረፈውን ደግሞ ድንጋይ ይመልሰዋል።

— ይመለስ ነበር? … ከየት በኩል? … ከፊት ለፊትሽ። ጉሙ አንዴም አልተገለጠልሽም? … አንዴ። እና ምን አየሽ? … ጥቁር ግድግዳ። ሂሌቪ፣ ልብ ብለሽ መልሺልኝ። አናቱ እንደ ተሸረፈ ጥርስ ነው? … ነው?

— ዩዲት፣ የቁራ ገደል! ለኡርባን ንገሪው፣ ልጅቷ ያለችው ከቁራ ገደል ፊት ለፊት ነው። ከረግረጉ ወዲህ… አዎ፣ ከወዲህ፣ ደረቅ ላይ ናት።

— ሄሎ፣ ትሰሚኛለሽ? ስሚ። በአንቺና በገደሉ መካከል ለጥ ያለ አረንጓዴ ሜዳ ይታይሻል? … እሱ ሜዳ አይደለም። ላዩ ሣር ነው፣ ታቹ ጭቃና ጥቁር ውሃ ነው። አባቴ ፈረስ ከነጋሪው ሲገባበት አይቷል። ጋሪውን አወጡት። … አይ፣ ፈረሱ አልወጣም። ለማስፈራራት ብዬ አይደለም። እሺ፣ ለማስፈራራት ነው! ፍሪና እዚያው ቁጭ በይ።

— አሁን ድምፅ ያስፈልገናል። ኡርባን ገደሉን ያውቀዋል፣ ግን የረግረጉ ዳር ረጅም ነው፣ በጉም ውስጥ አጠገብሽ አልፎሽ ሊሄድ ይችላል። የሚመራው ድምፅሽ ብቻ ነው። … የላም ጥሪውን አዎ፣ ከብቶቹን ከሩቅ የምንጠራበትን ቀጭን ዜማ። ሌላ ምን አለን? … ትችያለሽ። በጋውን ሙሉ ያስተማርኩሽ ለጌጥ ነው?

— አትጩኺ አልኩ! አትቸኩዪ። መጀመሪያ አፍሽን ዝጊና «እም» በይ። … ዝቅ አድርጊው። … እሱ ጉሮሮሽ ላይ ነው የቀረው። ወደ ፊት አምጪው፣ ከላይኛው ጥርስሽ ጀርባ፣ አፍንጫሽ ሥር ይንዘር። … እእ… እሱ ነው። ከንፈርሽን አሳከከሽ? … ጎሽ። አሁን እንደማዛጋት ጉሮሮሽን ከውስጥ ክፈቺ፣ አፍሽ ግን ጠባብ ይሁን። ከዚያ በድምፅሽ ዝለይ፣ ከደረትሽ ልቀቂና ወደ ራስሽ ውጪ። ስልኩን አርቂው፣ ጆሮዬን እንዳታፈነጂው። በይ።

— አይ! አይ፣ አይ፣ ይሄ የመዘምራን ድምፅሽ ነው። ግማሹ ትንፋሽ ነው። ያምራል፣ ለቀብር ይሆናል፣ ለጉም ግን… ይቅርታ፣ ቀብር ያልኩት እንዲያው አፌ ነው። ትንፋሹን አታባክኚው። ሆድሽን ጠንከር አድርጊና እንደ ክር አሹልከሽ አውጪው። ቀጭን፣ ስል፣ እንደ መርፌ። ደግሞ አይርገብገብ። … በብርዱ ነው የሚርገበገበው? አውቃለሁ። ጥርስሽ ሲንቀጫቀጭ እዚህ ይሰማኛል። ጉልበትሽን እቀፊ፣ ጀርባሽን ግን ቀጥ አድርጊ። እንደገና።

— … እ! እሱ ነው! ሰማሽው? እንደ ብርጭቆ! … አሁንስ አመመሽ? አላመመሽም አይደል? ትክክለኛው አያምም። ዩዲት፣ ኡርባን ሰማ? … ጠይቂው እንጂ። … አልሰማም። እሺ። ሂሌቪ፣ ደግሚው። ትንፋሽ ውሰጂ፣ ትከሻሽ አይነሳ፣ ደግሚው።

— ምን? … መለሰልሽ? ማን? … ቆይ! ቁጭ በይ! የት ልትሄጂ ነው? … ሂሌቪ፣ እሱ ገደሉ ነው። … እንዴት አወቅሽ አትበዪኝ፣ አሁን አንቺው ታውቂዋለሽ። ዜማውን ስትጨርሺ መጨረሻውን ወደ ላይ ሳቢው። ኡርባን ቢሆን በራሱ መንገድ ነው የሚመልሰው፣ ገደሉ ከሆነ ግን አንቺ የሰጠሽውን ነው የሚሰጥሽ። ሞክሪው። …

— ወደ ላይ ሄደ። አየሽ? ገደል ነው። ወደ እሱ ብትሄጂ ኖሮ አሁን… ተዪው።

— ምን አልሽ? … ሌላ? … ከሥሩ ሌላ ድምፅ አለ? … ወፍራም? ምን ዓይነት ወፍራም? … ሂሌቪ፣ ገደል ድምፅ ይመልሳል እንጂ አይለውጥም። ቀጭን የሰጡት ድንጋይ ወፍራም አይመልስም። ዝም በይ። ምንም ድምፅ አታሰሚ፣ ስልኩን ወደ ጉሙ ዘርጊው። …

— ዩዲት፣ ሬዲዮውን ዝቅ አድርጊው። … ዝቅ አድርጊው አልኩ!

— …

— ቶርስተን ነው።

— አዎ፣ እርግጠኛ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ አጠገቤ ሲያንኮራፋ የኖረ ሰው ነው፣ ድምፁ ይጠፋኛል? … ቃሉን ተዪው፣ ሂሌቪ፣ ምን እንዳለ አይደለም የምጠይቅሽ። አንቺ ትቀርቢዋለሽ፣ ድምፁ እንዴት ነው? … ይቆራረጣል። አጭር አጭር ነው። … እኔም እንደዚያው ነው የሰማሁት።

— ተቀመጪ፣ ዩዲት። … ተቀመጪ እንጂ! ወንድምሽ ድምፁ ከሆዱ ነው የሚወጣው። ቤተክርስቲያን ሲዘምር የምንቀመጥበት አግዳሚ ይነዝራል። አሁን የሰማሁት ከአንገት በላይ ብቻ ነው። ደረቱ መከፈት አልቻለም። የሆነ ነገር ዙሪያውን ይዞታል። … ምን ይመስልሻል? ጭቃው ነዋ! ረግረጉ ውስጥ ገብቷል፣ እስከ ጎድን አጥንቱ።

— አትጩኺብኝ! ለኡርባን ጩኺ! ገመድ ይዘዋል? … ይዘዋል። ሳንቃስ? … በመንገዳቸው ላይ አሮጌ የድርቆሽ ማከማቻ ጎጆ አለ፣ ግድግዳውን ይገንጥሉ። ይገንጥሉት በይው፣ ማንም አይጠይቃቸውም!

— ሄሎ፣ ሂሌቪ? አለሽ? … አዎ፣ ሰምተሻል። ጩኸትሽን ሰምቶ ገደሉ የመለሰው አንቺን መስሎት በቀጥታ ወደዚያ ሄዷል፣ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? … ተዪ! ጥፋት መቁጠሪያው ጊዜ አሁን አይደለም። … እንዳትወርጂ! ሂሌቪ፣ እግርሽ ጭቃውን ከነካ ማንም አይተርፍልኝም፣ ገባሽ? ኡርባን ሊመጣ የሚችለው በአንቺ ድምፅ ነው። አንቺ ከጠፋሽ እሱም ጠፋ። በዚያ ድንጋይ ላይ ሆነሽ ነው የምታወጪው።

— አሁን ለእሱ ቃል መላክ አለብን። … ብትጮኺለት አይሰማሽም፣ ቃሉ ጉሙ ውስጥ ይሟሟል። በጥሪው አድርጊው። ላሟን በስሟ ስንጠራት እንዴት ነው የምናደርገው? ስሟን ወደ ላይ ወርውረን፣ ትእዛዙን አስረዝመን። እንደዚያው። ቶርስተን ብለሽ ጥሪው፣ ከዚያ «ተኛ» በይው። «ወደ ኋላ ተኛ»። መጨረሻው ላይ ያለውን «ኛ» ክፈቺው፣ አርዝሚው። አፍሽ ከተዘጋ ቃሉም ይዘጋል። … አዎ፣ በጀርባው ይተኛ። ረግረግ ቆሞ የሚታገለውን ነው የሚስበው፣ የተኛውን ይሸከመዋል። እሱም ያውቀዋል፣ ግን ሰው ሲፈራ የሚያውቀውን ይረሳል። በይ።

— … ጎሽ። ደግሚው። … እሱ ምን አለ? ስልኩን ዘርጊው። …

— ቀጠነ። … አይ፣ ይሄ እንደ አንቺ ቀጭን አይደለም። ያንቺ በትንፋሽ የተያዘ ነው፣ የሱ ትንፋሽ ያለቀበት ነው። እየታገለ ነው። እጆቹን እያራገበ ነው፣ አውቀዋለሁ፣ ግትር ነው፣ በሰባ ዓመቱም መንጃ ፈቃዴን አልመልስም ብሎ የሚከራከር ሰው ነው። እንደገና! «ተኛ» በይው። ከዚያ «እጅህን ዘርጋ»። ልመና አታስመስዪው፣ እንደ ላም እዘዢው!

— ምንድን ነው የሚጮኸው? … ባትሪው ነው? … ስልኩን ክንድሽ ሥር ሸጉጪው፣ ሙቀት ያግኝ። እኔ መናገር ካላስፈለገኝ ዝም እላለሁ። ቀጥዪ።

— … ዩዲት፣ የት ደረሱ? … ጎጆው ጋ። ገና ጎጆው ጋ! …

— ሂሌቪ? … ምን? … ምንም? … ምንም አይሰማም። ምናልባት ትንፋሽ እየወሰደ ነው። … ሁለቴ ጠርተሽው ምንም?

— አትጠይቂኝ፣ ዩዲት። አትጠይቂኝ እባክሽ።

— ሂሌቪ፣ አንቺ ግን እንዳታቆሚ። … ባይመልስም! ባይመልስም ጥሪው፣ ይሰማሻል። ብቻውን አይሁን። … ድምፅሽ እያለቀ ነው? ይሰማኛል፣ ጫፉ መሰንጠቅ ጀምሯል። አትግፊው! ጉልበት ስትጨምሪበት ነው የሚሰበረው። አሳንሺው። ትልቅ ድምፅ አልፈልግም፣ ስለቱን ብቻ ጠብቂልኝ። ጉም ትልቁን ይበላል፣ ስሉን አይበላም። … ቆዳሽ ይቀዘቅዛል፣ እንቅልፍ ይመጣብሻል፣ አውቃለሁ። ቆይ፣ እንቅልፍ? … እንቅልፍ መጥቶብሻል እንዴ? አይሆንም! ተነሽ፣ በአንድ እግርሽ ቁሚ፣ ጉንጭሽን ምቺ። ምቺ እንጂ፣ ይሰማኝ! … ደግመሽ። አሁን ጥሪው።

— …

— ቆይ። ቆይ፣ ቆይ… ስልኩን ዘርጊው። …

— ዩዲት፣ ነይ። ጆሮሽን እዚህ አድርጊ። … ሰማሽው? እንደ ንብ ቀፎ። …

— ሂሌቪ፣ ተኝቷል! … በምን አወቅሽ ትያለሽ? እንደዚያ ዝቅ ያለ ድምፅ ደረት ሳይከፈት አይወጣም! አፉን ዘግቶ «እም» እያለ ነው፣ ከታች፣ ከሆዱ። ሳንባው አየር ይዟል። አየር የያዘ ሳንባ አይሰምጥም። … አታልቅሺ፣ አታልቅሺ፣ ለቅሶ ጉሮሮ ይዘጋል። ያንን ድምፅ እስከሰማሽ ድረስ አለ ማለት ነው። ከቀጠነ ንገሪኝ።

— ምን አለ? ዩዲት፣ ምን አለ ኡርባን? … የቱን ሰማ? … ቀጭኑን! ከቀኛቸው በኩል! ሂሌቪ፣ ሰሙሽ! ኡርባን ሰማሽ! … አይ፣ አትጩኺ፣ አሁን ወደ ደረትሽ እንዳትመለሺ፣ ገደሉ ይጫወትባቸዋል። እዚያው ላይ ሁኚ፣ ቀጭኑ ላይ፣ ትንሽ ትንሽ እያልሽ አያይዘሽ… አዎ… አዎ፣ እንደሱ… ትንፋሽሽን ሳትጨርሺ በፊት… ሂሌቪ? … ሄሎ? … ሂሌቪ፣ ትሰሚኛለሽ? … ሄሎ! … ሄሎ!

— ጠፋ። … ባትሪው ነው። ባትሪው ነው አልኩሽ፣ ዩዲት፣ ሌላ ነገር አይደለም።

— አይ፣ አልዘጋውም። ምናልባት… አልዘጋውም ተዪኝ። ሬዲዮው ምን ይላል? … ለምን አይመልስም? ደግመሽ ጥሪው። … እየሮጡ ከሆነ አይመልስም፣ አዎ። … መስኮቱን ክፈቺው እስቲ። … ምንም አይሰማም። ከዚህ ምን ይሰማል? ዝጊው። መሸ እኮ፣ ተመልከቺ፣ ጉሙ ሰማያዊ መሆን ጀመረ።

— ኡርባን በሬዲዮ መጣ! ምን አለ? … ድንጋዩን አገኙት። ሂሌቪስ? … ይዘዋታል። ተመስገን። ቶርስተንስ? … «ቶርስተንስ?» በይው እንጂ! … ሳንቃ እየዘረጉ ነው። … ምን አለ? … «ኮፍያውን እናያለን» ማለት ምን ማለት ነው? ኮፍያውን ብቻ? … ፊቱስ? ዩዲት፣ ፊቱ ከላይ ነው ከታች? … ስጪኝ። ስጪኝ ያንን ነገር!

— ኡርባን! ራግንቪ ነኝ። ድምፅ ያሰማል? … አቁሟል? ከመቼ ጀምሮ? … ብብቱ ሥር ገመዱን… ታውቃለህ፣ እሺ፣ ዝም ልበል፣ ሥራህን ሥራ። …

— …

— አዎ? … ወጣ? … በሳንቃው ላይ ነው። … ይናገራል? … አይናገርም። ዓይኑስ? … ኡርባን፣ ሬዲዮውን ወደ አፉ አስጠጋልኝ። ቃል አልፈልግም። አፉ ላይ አድርገውና ቁልፉን ተጭነህ ያዘው። ሌሎቻችሁ ዝም በሉ። አንቺም፣ ዩዲት።

— …

— …

— አለ። … ስሚው፣ ያንኮራፋል ማለት ይቻላል። ጭቃ ተቀላቅሎበታል፣ ግን ከታች ነው የሚመጣው። ከሆዱ። … ዩዲት፣ ወንድምሽ ይተነፍሳል። እንደዚያ አትያዢኝ፣ አንገቴን ልትሰብሪው ነው።

— ኡርባን፣ በጎኑ አስተኙትና አፉን ጥረጉለት። እርጥቡን ልብስ አውልቁለት፣ ከራሳችሁ አልብሱት። … አምቡላንሱ በመንገዱ ዳር ይጠብቃችኋል፣ ዩዲት ትደውላለች። … ሂሌቪስ? … ምን ልትነግረኝ ትፈልጋለች? … ምንም አይወጣትም? ትንፋሽ ብቻ ነው የሚወጣት? … አታናግሯት። ሹክሹክታም ቢሆን ከልክሏት፣ ሹክሹክታ ከጩኸት ይብሳል፣ የቀረውንም ይጨርሰዋል። … ይመለስ አይመለስ አላውቅም፣ ኡርባን። እንዲህ አለች ብለህ እንዳትነግራት። አቅፋችሁ አውርዷት ብቻ። ጨርሶ ሳይጨልም ውረዱ።

— ውሰጂው ሬዲዮውን። … ስልኩንማ ይዤዋለሁ። ለአምቡላንሱ መደወል አለብሽ። … ስጪኝ ካልሽ ውሰጂው፣ እኔ ጣቶቼ ስልኩ ላይ ተቆልፈው አልታዘዝ ብለውኝ ነው። … አንድ በአንድ አላቂያቸው። ቀስ፣ ያማል። … በቃ። ዝጊውና ደውዪ።